ጥቅለላ በደብዳቤ

ማላዊ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሊድያ፣

የአክስቴ ልጅ ብትሆኚም እህቴ ብዬ ነው የምጀምረው። ሰላምታዬ አንቺንም እናትሽንም፣ ደጃፋችሁን የሚያልፈውን ጎረቤት ሁሉ በየስሙ ይድረስልኝ። እኔ በፈጣሪ ቸርነት ደህና ነኝ። የጋምቤላ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? እዚህ በሰኔና በሐምሌ ጠዋት ጠዋት ጋቢ የሚያስመኝ ብርድ ነበር ብልሽ አታምኚኝም።

ስምንት ወር ሙሉ ድምፄን ሳላሰማ በመቆየቴ ከይቅርታ በቀር የምለው የለኝም። ስልኬ መንገድ ላይ ጠፋ። ደቡብ አፍሪካም ገና አልደረስኩም፤ ለጊዜው ማላዊ የሚባል አገር ነው ያለሁት። ትልቅ ግቢ ውስጥ እንኖራለን። ብዙ ሰው አለ፤ ያገር ልጆችም አሉ። በጊዜ እንገባለን፣ በጊዜ እንነሳለን። ከታች በጻፍኩት የፖስታ ሣጥን ቁጥር ብትልኪልኝ አንድ ፓስተር ያደርሱልኛል።

ገንዘብ እንድትልኩልኝ አይደለም የጻፍኩት። ወሬ ነው የራበኝ። ባሮ ዘንድሮ ምን ያህል ሞላ? ልጆቹ ከድልድዩ ሥር አሁንም ይዘላሉ? ከሱቁ ጀርባ ያለው ማንጎስ አፈራ?

ስለ አባባ አልጠይቅሽም፤ ከጠየቅኩ መልሱን መስማት አለብኝ። የተለያየን ቀን በር ላይ ቆመሽ ሁሉንም ሰምተሻል። «የሽቦ ዙር ስቆጥር አላረጅም፣ ያንተን ኑሮ አልፈልገውም» ያልኩት እኔ ነኝ። እሱም «በሩ ክፍት ነው» አለኝ፤ ወጣሁ። ይህን ደብዳቤ እንዳታሳዪው አደራ።

ወንድምሽ ዘርአብሩክ


ጋምቤላ፣ ኅዳር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዘርአብሩክ፣

የናፍቆት ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እናቴ «በሄደበት ሁሉ እግዚአብሔር ይቅደምለት በይልኝ» ብላለች። ደብዳቤህን ሳነብላት ተነሥታ ጓዳ ገባች፤ እስክትወጣ ብዙ ቆየች።

ፖስታህ አንድ ወር ፈጅቷል። ተከፍቶ፣ እንደገና በስቴፕለር ተይዞ ነው የደረሰኝ። የፖስታ ቤቱ ሰውዬ እሱ እንዳልከፈተው በእናቱ ስም ምሎልኛል።

ባሮ ሞልቶ የኢታንግን መንገድ ዘግቶ ነበር፤ አሁን ጎድሏል። ልጆቹ ይዘላሉ። ማንጎው ገና አበባ ነው።

ስለ ጋሼ አልጠይቅም አልክ። እኔ ደግሞ ሳትጠይቀኝ እነግርሃለሁ፤ ከፈለግክ ተቆጣኝ። አንተ በሄድክ በሁለተኛው ወር፣ የፋሲካ ሰሞን፣ ሱቅ ውስጥ የዲናሞ ሽቦ እየጠቀለሉ ወደቁ። ስትሮክ ነው ተባለ። ነፍሳቸው ተርፋለች፤ አንደበታቸውም ተመልሷል። ቀኝ እጃቸው ግን ከዚያ ወዲህ ብርጭቆ እንኳ አያነሳም። ልንነግርህ ስንደውል ስልክህ ዝግ ነው፤ ዛሬ ነገ ስንል ይኸው ኅዳር ደረሰ።

ሱቁ ሊዘጋ ሲል እኔ ገባሁበት። ኮሌጅ ጨርሼ ከቢሮ ቢሮ ስዞር አልነበር? «ጋሼ፣ ያስተምሩኝ» አልኳቸው። በሦስተኛው ቀን አንድ የተቃጠለ የፓምፕ ዲናሞ በእግራቸው ወደ እኔ ገፉና «አፍርሺ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ሦስት ወር ሙሉ ማፍረስ ብቻ! የከሰለውን ሽቦ ከብረቱ ቦዮች እያወጣሁ ዙሩን እቆጥራለሁ፣ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ጋሼ ወንበራቸው ላይ ሆነው ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚያዳምጡት። «ስልሳ ስምንት» ስላቸው «ድገሚ» ይላሉ፤ ስደግመው ስልሳ ዘጠኝ ሆኖ አገኘዋለሁ። «የሚፈርሰውን ያልቆጠረ የሚሠራውን አያውቅም» ነው ጨዋታው። ጣቶቼ ቆሳስለዋል። ደንበኞች መጥተው «ወንድ የለም እንዴ?» ሲሉ ጋሼ ይቆጣሉ፦ «ዲናሞው ወንድ ነው ሴት ብሎ አይጠይቅም።»

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። በዚህ ዘመን ስልክ የሌለው ሰው ምን ዓይነት ሥራ ነው የሚሠራው?

እህትህ ሊድያ


ማላዊ፣ ጥር 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሊድያ፣

የልደቱ ጌታ ቤታችሁን በሰላም ይጎብኝ። «ቀኝ እጃቸው» የሚለውን ደጋግሜ አነበብኩት። ባነበብኩት ቁጥር ሌላ ቃል ሆኖ ይጠብቀኛል ብዬ ነበር። ብዙ መጻፍ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፤ እዚህ ወረቀት አይባክንም።

ስለ ሥራዬ ኋላ እነግርሻለሁ። አሁን የምለምንሽ ነገር አለ።

የግቢው የውኃ ፓምፕ ዲናሞ ተቃጠለ። አንድ ፈረስ ጉልበት ተኩል ነው፣ በቤት መብራት የሚሠራ። አራት መቶ ሰው ነው ከሱ የሚጠጣው። አሁን ውኃ ከወንዝ በበርሜል እየመጣ ለሰው በቀን ሁለት ኩባያ ይደርሳል፤ የወንዙ ውኃ ብዙ ሰው በተቅማጥ ጥሏል። የግቢው ኃላፊ ሠሪ ጠፍቶ ሲጨነቅ ሰምቼ «አባቴ ዲናሞ ጠቅላይ ነው» የሚል ቃል ከአፌ አመለጠ። «እንግዲያው ጠቅልለው» አለኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አላውቅም ለማለት አፈርኩ።

ሊድያ፣ አላውቅም። ስምንት ዓመት እዚያ ሱቅ ውስጥ አድጌ አላውቅም። አባባ ሲነግረኝ የመንገዱን ሰው ነበር የምመለከተው። እስቲ የማን ጥያቄ እንደሆነ ሳትናገሪ ጠይቂልኝ፤ ከምን ልጀምር? መሣሪያ ብዙ የለም። ቢላና መቀስ እዚህ አይፈቀድም፤ የደህንነት ደንብ ነው። በማንኪያ እጀታ ነው የምንሠራው።

ወንድምሽ ዘርአብሩክ


ጋምቤላ፣ የካቲት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዘርአብሩክ፣

እጅ ከሚያጥርበት፣ ልብ ከሚጠብበት እግዚአብሔር ያውጣህ እያልኩ ሰላም እልሃለሁ።

ጥያቄህን አቀረብኩ። «ኢታንግ ያለ ደንበኛ ነው የጻፈልኝ» አልኩ። ጋሼ ሰምተው ሲጨርሱ የነገሩኝን በቃላቸው እጽፍልሃለሁ፦

«ሳይቆርጥ በፊት ይሳል። የትኛው ጥቅል ከየትኛው ቦይ ወጥቶ የት እንደሚገባ ወረቀት ላይ ያስቀምጥ። ከዚያ በአንድ ወገን ያለውን ጫፍ ይቁረጥ፣ በሌላው ይሳብና ይቁጠር። ሁለት ዓይነት ሽቦ ያገኛል። ወፍራሙ ዋናው ነው፤ ቀጭኑ ማስነሻው። አይደባልቃቸው። አሮጌውን ሽቦ አቃንቶ ልጠቅልል እንዳይል፤ የተላጠ ሽቦ ተመልሶ ይቃጠላል። አዲስ ይገዙለት። ቦዩን በወፍራም ወረቀት ያልብሰው፣ ሽቦው ብረቱን እንዳይነካ። ጠቅልሎ ሲጨርስ ቫርኒሽ ያጠጣው፣ ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን ያድርቀው። አይቸኩል። የቸኮለ ሁለቴ ይሠራል።»

ከዚያ «ይህ የኢታንግ ሰው ቢላ የለውም ነው ያልሽኝ?» አሉ። «የለውም» አልኩ። «መቀስም?» «መቀስም።» ቀና ብለው አዩኝ።

የኔን ልንገርህ። ባለፈው ወር ከጀዊ የስደተኞች ካምፕ አንድ ዲናሞ መጣ። ያመጣችው ኛዋል የምትባል የካምፑ የውኃ ኮሚቴ አባል ናት፤ በባጃጅ ጭና፣ በነጠላ አልብሳ እንደ በሽተኛ። «ማሌ!» ብላ በኑዌር ሰላምታ ገባች፣ እኛም «ማሌ» አልናት። «በኛ መስመር ሴቶቹ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው ጄሪካን ይዘው የሚሰለፉት» አለች። ጋሼ ወደ እኔ እያዩ «ይኸው፣ ያንቺ ነው» አሉ። የመጀመሪያዬ!

አራት ቀን ጠቀለልኩ። መብራት ላይ ስሰካው ጭስ። ሁለት ጥቅል ተነካክተዋል። ኛዋል እዚያው ቆማለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ጋሼ ግን ሳቁ፤ ከወደቁ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። «አሁን ተማርሽ። አፍርሺ» አሉ። ኛዋልን ደግሞ «ሦስት ቀን ስጪን፤ የዘገየሁት እኔ ነኝ፣ ተማሪዬ አይደለችም» አሏት። ሠራሁት። ዛሬ ጀዊ ውኃ እየሳበ ነው። ከዚህ ወዲህ በዚህ ከተማ ማንም «ወንድ የለም እንዴ» ቢለኝ ጀዊ ሂድና ጠይቅ እለዋለሁ።

እህትህ ሊድያ


ማላዊ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሊድያ፣

እንኳን ለትንሣኤው አደረሳችሁ። እኛ የበቆሎ ገንፎ በልተን ዋልን፤ ፓስተሩ አንዳንድ እንቁላል አመጡልን። ያገር ልጅ ሳኒ የእንቁላሉን ቅርፊት እንኳ ሊጥለው አልፈለገም።

አባባ እንዳለው አደረግኩ። ሳልኩ፣ ቆረጥኩ፣ ቆጠርኩ። ኃላፊው አዲስ ሽቦ ከከተማ አስገዛ። የቦይ ወረቀት ስላልተገኘ የሳሙና ካርቶን በማንኪያ እጀታ ቆርጬ አለበስኩት። ስጠቀልል ሳኒ አጠገቤ ተቀምጦ ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ ኋላ የሌላው አገር ሰዎችም ተቀላቀሉ። ቁጥሩን በአማርኛ ለምደውት «አርባ አንድ! አርባ ሁለት!» ይላሉ። እኔ ያን ጊዜ ስቆጥር አላረጅም ብዬ የወጣሁት ሰው፣ አርባ ሰው እያስቆጠርኩ ነበር።

ቫርኒሹ ሲሸተኝ ምን እንደሆንኩ አልነግርሽም። ያንን ሽታ ጠልቼው ነበር የሄድኩት። ሸሚዜ ላይ ጠብ ያለውን ሳላጥብ አቆይቼዋለሁ።

ሰካነው፤ ዞረ! ሰው እልል አለ። ግን ውኃው ከቧንቧው ጫፍ እንደ እንባ ብቻ ነው የሚንጠባጠበው። ዲናሞው አይግልም፣ ድምፁ ንጹሕ ነው። ፓምፑን ፈትተን አጠብነው፤ ያው ነው። ሰው አሁን ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል። አባባን ጠይቂልኝ፤ ቶሎ።

አንድ ነገር ልናገርና ይቅር በይኝ። አንቺ ስታቃጥይ ሳቀ አልሽ። እኔ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ የመጀመሪያ ዲናሞዬን ጠቅልዬ ባሳየው፣ ቆጥሮ ሲያበቃ ደንበኛ ፊት ወደ ደጅ ወረወረው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሲያስተምረኝ ጆሮዬን ዘጋሁ፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ገንዘብም ዕቃም አልፈልግም። ከቻልሽ እሱ በእጁ የነካውን አንድ ወረቀት ላኪልኝ፤ ምንም ይሁን።

ወንድምሽ ዘርአብሩክ


ጋምቤላ፣ ሰኔ 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዘርአብሩክ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ዛሬ በአጭሩ ነው የምጽፈው፤ ቀኑን ሙሉ ዝናብ ነው፣ መብራትም ሄዷል።

ጥያቄህን ለጋሼ አነበብኩላቸው፤ «የኢታንጉ ሰውዬ እንዲህ ይላል» ብዬ። «ዞረ? አይግልም? ድምፁ ንጹሕ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ፊታቸው ሲፈካ አየሁ። መልሱን እንደሚያውቁት አወቅኩ። «ታዲያ ምን ልበለው?» አልኳቸው።

«ምንም አትበይው።»

«ሰዎቹ እኮ ውኃ የላቸውም፣ ጋሼ!»

«አውቃለሁ። ለዚህኛው ጥያቄ የጠያቂው የራሱ እጅ ይጻፍልኝ። ስሙንም ይፈርም።» ይህን ብለው ካቻቪቴውን አንሺልኝ አሉና ወሬ ለወጡ።

ለምኛቸዋለሁ፤ አልቅሼባቸዋለሁም። ቃላቸው ያው ነው። እኔ የሠራሁት ዲናሞ ዞሮ ውኃ አልስብም ብሎ አያውቅም፤ ስለዚህ መልሱን አላውቀውም።

ዘርአ፣ የት ነው ያለኸው? የሚከፈት ፖስታ፣ የሌለ ስልክ፣ የማይያዝ ቢላ። ሞኝ አይደለሁም። እናቴ ግን አሁንም «የልጄ መሥሪያ ቤት» እያለች ነው ለጎረቤት የምታወራው።

የለመንከው ወረቀት ውስጡ አለ። የጥቅል ንድፍ ነው። በግራ እጃቸው ሲሥሉ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ፈጀባቸው።

እህትህ ሊድያ


ማላዊ፣ ነሐሴ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሊድያ፣

ሰላም ለቤታችሁ። እስር ቤት ነው ያለሁት።

ይህን ቃል ጽፌ ብዕሩን አስቀምጬ ውጭ ወጥቼ ተመለስኩ። አሁን መቀጠል እችላለሁ።

በጭነት መኪና ውስጥ ሃያ ሰባት ሆነን ድንበር ተሻገርን። ሸራውን አስረው ከላይ ከሰል ጭነውብን ነበር። ፖሊስ ሲያስቆመን ሃያ አምስት ነበርን። የሁለቱን ስም ሌላ ቀን እነግርሻለሁ፤ አንዱ አጠገቤ ነበር። እኛን ያለ ፈቃድ ገባችሁ ብለው ሁለት ዓመት ፈረዱብን። አልደበደቡኝም፤ በምግብ በኩልም ሁሉም እንደሚበላው እበላለሁ። የምሰቃየው በሌላ ነው። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ይቆልፉብናል፤ ያ ሰዓት ጋምቤላ ሰው ባሮ ዳር የሚወርድበት ሰዓት ነው። በግድግዳው ላይ ወንዙን አየዋለሁ።

ለእናትሽ ንገሪያት፤ በሐሰት አትኩሪብኝ በያት። ለአባባ የጻፍኩት ከዚህ ጋር አለ። አራት መስመር ነው። አራት ሳምንት ፈጀብኝ።

ወንድምሽ ዘርአብሩክ

*አባባ፣ የኢታንጉ ሰው እኔ ነኝ። እስር ቤት ነኝ። ዲናሞው ይዞራል፣ ውኃ ግን አይስብም። ሥራውን ስታስተምረኝ ባለመስማቴ፣ ስትወድቅም አጠገብህ ባለመኖሬ ይቅር በለኝ። ምን ላድርግ? ልጅህ ዘርአብሩክ ወንዳፍራሽ።*


ጋምቤላ፣ መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ፣

አዲሱ ዓመት የመፈታት ዓመት ይሁንልህ። እናቴ ሰምታለች። ሦስት ቀን ተኛች፤ በአራተኛው ቀን ተነሥታ ሻንጣህን አወጣችና ልብሶችህን አጥባ ፀሐይ ላይ አሰጣች።

ከዚህ በታች ያለው የጋሼ ነው። እሳቸው እየተናገሩ እኔ ጽፌዋለሁ።

*ለልጄ ለዘርአብሩክ ወንዳፍራሽ፣*

*ጤና ይስጥልኝ። ሊድያን እንዳልኩት ጻፊ፣ አታሳምሪው ብያታለሁ።*

*መጀመሪያ ሥራው። ዲናሞው ወደ ኋላ ነው የሚዞረው። ፓምፑ አካል ላይ የዙሩን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት አለ፤ ዝገቱን ፍቀህ ፈልገው። የማስነሻውን ጥቅል ሁለት ጫፎች አለዋውጣቸው። ዋናውን እንዳትነካ። ሌላ የተበላሸ ነገር የለም። ሥራህ ትክክል ነው።*

*ይህን ደግመሽ ጻፊው አልኳት። ሥራህ ትክክል ነው።*

*ቢላና መቀስ ከማይያዝበት ቦታ የሚጽፍ ሰው ማን እንደሆነ ከየካቲት ጀምሮ አውቃለሁ። ፖስታውንም አይቻለሁ። ልትነግረኝ ስትፈልግ ትነግረኛለህ ብዬ ዝም አልኩ። በሰኔ መልሱን የከለከልኩህ ስምህን ለማየት ነው። ክፉ ሥራ ሠራሁ። ውኃ የተጠሙት ሰዎች ምን በደሉኝ? ከዚያ ቀን ወዲህ ብርጭቆ ባነሳሁ ቁጥር ውኃው አይወርድልኝም። ሰዎቹን በእኔ ስም ይቅርታ ጠይቅልኝ።*

*ሌላም አለ። ሊድያ አነበበችልኝ፤ አታሳዪው ያልካትን ሁሉ አሁን አንብባልኛለች፣ አትቆጣት። የወረወርኩት ዲናሞ ሁለት ዙር ነበር የጎደለው። ሁለት ዙር የጎደለው ዲናሞ ይሠራል። ያን ቀን አውቀው ነበር። ደንበኛው «ልጅህ ከአንተ ሊበልጥ ነው» ስላለኝ ነው የወረወርኩት። ማታ ከደጅ አንሥቼ ሰካሁት፤ ዞረ። መንገር ነበረብኝ። አሥራ አንድ ዓመት አልነገርኩህም።*

*ሰው ገድለህ፣ ሰርቀህ አልታሰርክምና አንገትህን አትድፋ። ተመልሰህ ና። ሥራውን ባትወደውም ና።*

*አባትህ*

ፊርማውን ጋሼ በግራ እጃቸው ነው የፈረሙት።

ሊድያ


ማላዊ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባባና ለሊድያ፣

ሰላማችሁ ይብዛ። ደብዳቤያችሁ የደረሰኝ ኅዳር መጨረሻ ነው። ቀስቱን ዝገት ውስጥ አገኘሁት። ሁለቱን ጫፎች አለዋወጥኩ፤ ሥራው ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልፈጀም። ስንሰካው ውኃው ቧንቧውን ከሳኒ እጅ ነጥቆ በረረ! ኃላፊው ከነዩኒፎርሙ ራሰ። አንድ ሽማግሌ እስረኛ መሬት ላይ ተቀምጦ ውኃው እንዲወርድበት ተወው፤ ማንም አላስነሳውም።

ይቅርታህን ነገርኳቸው፣ አባባ። አንድ በአንድ፣ በሚገባቸው ቋንቋ። ሽማግሌው «አባትህ በሕይወት አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አለ» ስለው «እንግዲያው ምን ትጠብቃለህ?» አለኝ።

አሁን የልብስ ስፌት ክፍሉን ሁለት የማሽን ዲናሞ ሰጥተውኛል። ሳኒ ተማሪዬ ሆኗል። መጀመሪያ «አፍርስ» አልኩት፤ እንደናንተ።

ፍርዴ በሚያዝያ ያልቃል። ወደ አገር የሚመልሱን በቡድን ነው፤ መቼ እንደሆነ ማንም አይናገርም። አባባ፣ ያን የሁለት ዙር ነገር እያነበብኩ ተናድጃለሁ፤ ልዋሽህ አልችልም። ብዙ ቀን ተናድጄ ቆየሁ። ከዚያ ግን ማታ ብቻህን ስትሰካው ታየኝ፤ ንዴቱ ሄደ።

ዘርአብሩክ


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሊድያ፣

አገሬ ገብቻለሁ። ተመላሾች የሚያርፉበት ቤት ነው ያለሁት፤ ሳኒም አብሮኝ ነው። መታወቂያና የጉዞ ወረቀት እየጠበቅን ነው።

ትናንት በተበደርኩት ስልክ ስደውልልሽ ለአባባ ሰጠሽው። ምን እንደሆነ አንቺ አይተሻል፤ በኔ በኩል የሆነውን ልንገርሽ። «አባባ» አልኩ። ትንፋሹን ሰማሁ። ከኋላው የሱቁ ቬንቲሌተር ይንቀጫቀጫል፣ ሰው «ሊድያ፣ ቫርኒሹ የት ነው?» ይላል፣ ባጃጅ ያልፋል። እሱም አልተናገረ፣ እኔም አልተናገርኩ። ሁለት ዓመት የተመኘሁትን ድምፅ ሁሉ ሰማሁ። የስልኩ ባለቤት ሲቀበለኝ «መስመሩ ተቋረጠ እንዴ?» አለኝ። «የለም፣ ተነጋግረናል» አልኩት።

ይህን የምታደርስልሽ ወደ ጋምቤላ የምትበር የአውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኛ ናት። እውነቱን ጻፊልኝ፤ ብመጣ ፊቱን ያዞርብኛል? ሱቁ አሁን ያንቺ ነው፤ ቦታሽን ልነጥቅ አልመጣም። ባዶ እጄን ነኝ።

ዘርአብሩክ


ጋምቤላ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዘርአብሩክ፣

እንኳን ለአገርህ አፈር አበቃህ። ያቺው ልጅ ነገ ስለምትመለስ ፈጥኜ ነው የምጽፈው።

ስልኩን ከጆሯቸው ስወስድ ጋሼ «ደህና ነው፤ ትንፋሹ ደህና ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ቀትር ላይ የአውሮፕላኑ ድምፅ ሲሰማ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ካረፈ በኋላ ባጃጅ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሱቃችን ለመድረስ የሚፈጅበትን ያህል ይጠብቃሉ፤ ካለፈ በኋላ ወሬውን ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ስለ ቦታዬ አትጨነቅ። ሥራው ለሦስት ሰው ይተርፋል፤ ሳኒንም ይዘኸው ና።

ፊቱን ያዞርብኛል ወይ ላልከው ይህን ልንገርህ። የጸጉር አስተካካዩ የኦጁሉ ቬንቲሌተር ሰኞ ዕለት ተቃጥሎ መጣ። የግንቦትን ሙቀት ታውቀዋለህ፤ ደንበኞቹ በሳሙና አረፋ ላይ ላብ እያንጠባጠቡ ነው የሚላጩት። ትንሽ ሥራ ናት፣ በግማሽ ቀን እጨርሳታለሁ። ልፈታው ስል ጋሼ በግራ እጃቸው ያዙኝ። «ይሄ ይቆይ» አሉ። ጨርቅ አልብሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውታል። ሌላውን ሥራ ሁሉ ይሰጡኛል፣ እሷን ግን አያስነኩኝም።

ኦጁሉ እስከ ዛሬ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። ዛሬማ ተቆጥቶ «ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ እኔ እየተቀቀልኩ ነው! ሊድያ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣ ለምን አትሠራልኝም?» አለ።

«እሷ አይደለችም የምትሠራው» አሉት ጋሼ። «ሠሪው መንገድ ላይ ነው።»

ሊድያ